ዕድሜ ሁለት መልስ አለው
በሞያሌ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕድሜ ነው። ዕድሜን እንዴት እንደምንቆጥርና የልደት ቀንን ለምን እንደምናከብር አብረን እናስባለን። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከሞያሌ የተሻለ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከዚህ ከኬንያዊቱ ሞያሌ ተነሥታችሁ በድንበሩ የጋራ መቆጣጠሪያ ጣቢያ በኩል ወደ ኢትዮጵያዊቱ ሞያሌ ብትሻገሩ ሰዓታችሁን አትነኩም። ሁለቱ አገሮች የሚኖሩት በአንድ የሰዓት ክልል ነው። በስዋሂሊም ሆነ በአማርኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ እዚህ «ሳ ሞጃ» የተባለው እዚያ «አንድ ሰዓት» ነው። ዓመቱ ግን እግራችሁ እንደተሻገረ በሰባት ወይም በስምንት ይቀንሳል። መስጊድ ደጅ ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ የሂጅራው ዓመት ሌላ ነው። የቦረና አባቶች ዘንድ ብትሄዱ ደግሞ ዓመቱ የሚታወቀው በሥልጣን ላይ ባለው አባ ገዳ ስም ነው።

ስለዚህ አንድ የሞያሌ ሰው በአንድ የገበያ ቀን አራት ዓይነት ዓመት ሊሰማ ይችላል። ይህን ብዙዎች እንደ ችግር ብቻ ያዩታል። እኔ እንደ ሀብትም አየዋለሁ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ «ዕድሜህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ይዟል። አንደኛው «ከተወለድህ ስንት ዓመት ሆነህ?» ይላል፤ መልሱ ትክክለኛ ቁጥር መሆን አለበት። ሁለተኛው «በወገንህ መካከል ምን ቦታ ላይ ደርሰሃል? ከአንተስ ምን ይጠበቃል?» ይላል፤ ለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያውን ስንዘነጋ ልጆቻችን ይጎዳሉ። ሁለተኛውን ስንዘነጋ ደግሞ የልደት በዓላችን ከኬክና ከሻማ የማያልፍ ይሆናል።

የሁለት አቆጣጠር ስሌት

ከቁጥሩ እንጀምር። የኢትዮጵያ ዓመት 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም ዋዜማ ደግሞ 8 ነው። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ በዚያን ጊዜ አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። አዲሱን ሚሊኒየም ያከበርንበት መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እስቲ በዚያ ዓመት ጥር 10 ቀን በኢትዮጵያዊቱ ሞያሌ የተወለደች አንዲት ልጅ እናስብ። የተወለደችበት ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 18 ዓመት የሚሞላት ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን ይህ ቀን ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 ላይ ይውላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን 18 የሚሞላት በማግሥቱ፣ ጃንዋሪ 19፣ ነው። አንዲት ልጅ ከድንበሩ ወዲያ አዋቂ ሆና ከድንበሩ ወዲህ አንድ ቀን ሊቀራት ይችላል ማለት ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ማንንም አይጎዳ ይሆናል።

የሚጎዳው ሌላው ስሕተት ነው። ቤተሰቧ ከድንበሩ ወዲህ መጥቶ «በ2000 ጥር ተወለደች» ቢል፣ ጸሐፊውም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠይቅ ጃንዋሪ 2000 ብሎ ቢጽፍስ? ያቺ ልጅ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በወረቀት 18 ዓመት ሞላት ማለት ነው። በእውነቱ ግን ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ የኬንያ የጋብቻ ሕግም ከ2014 ጀምሮ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃሉ። ሁለቱም ሕጎች ልጅን ለመጠበቅ የወጡ ናቸው። የአንድ ጸሐፊ ግዴለሽነት ግን የ10 ዓመት ልጅን ከሁለቱም ሕጎች ጥላ ሊያወጣት ይችላል።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 የተወለደ ልጅ እዚያ 2008 ዓ.ም. ተብሎ ቢመዘገብ ስምንት ዓመት ያህል ይቀነስበታል። እኩዮቹ መታወቂያ ሲወስዱ እሱ በወረቀት ገና ሕፃን ይሆናል።

የጨረቃውንም አቆጣጠር አንርሳ። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው። በፀሐይ 33 ዓመት የኖረ ሰው በጨረቃ ወደ 34 ይሆነዋል። በሂጅራ 70 ዓመት የሞላቸው አባት በፀሐይ ገና 68 አልሞላቸውም። እኚህ አባት «70 ሞላኝ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ኢኑዋ ጃሚ የተባለው የኬንያ መንግሥት ድጋፍ ግን 70 ዓመትን የሚቆጥረው በፀሐይ ነው፤ ለእነዚህ አረጋውያንም በወር 2,000 ሺሊንግ ይከፍላል። አባታችን እውነት ተናግረው ሳለ እንደ ዋሾ እንዳይታዩ፣ ጠያቂው የትኛውን ዓመት እንደሚቆጥሩ መረዳት አለበት።

ወረቀት ሳይኖር እንዴት እናስታውስ ነበር?

«የቀድሞ ሰዎች ዕድሜያቸውን አያውቁም ነበር» ሲባል እንሰማለን። ይህ ፍርድ የቸኮለ ነው። ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁበት መንገድ የተለየ ነበር።

በደጋው አገር አንድ አረጋዊ ዕድሜውን ሲጠየቅ «ጣልያን ሲገባ እረኛ ነበርሁ» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ «ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስወጣ»፣ «በሰባ ሰባት ድርቅ»፣ «ኢሕአዴግ ሲገባ» ይላል። በዚህ በሰሜን ኬንያ ደግሞ የሽፍታው ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 በኋላ ያሉት የመከራ ዓመታት፣ የብዙ ሰው የዕድሜ ምልክት ነው። ሞያሌ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1940 በጣልያን ጦር እጅ መውደቋና በማግሥቱ ዓመት መለቀቋ ለያን ዘመን ሰዎች የማይረሳ ነበር። አስተውሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ «ሰባ ሰባት» የሚባለውና ኬንያ ውስጥ «ሰማንያ አራት» የሚባለው አንድ ድርቅ ነው። ወላጆቻችን በሁለት ቁጥር የጠሩት ረሀብ ከብቶቻቸውን የጨረሰው በአንድ ጊዜ ነው።

ከእኛው ጋር የሚኖሩት ገብራዎች ዓመታትን በሰባቱ የሳምንት ቀናት ስም ይጠራሉ። የዓርብ ዓመት አለ፣ የቅዳሜ ዓመት አለ፤ ሰባቱ ሲያልቁ እንደገና ይጀመራል። የትኛው የዓርብ ዓመት እንደሆነ የሚለየው በዚያ ዓመት የሆነው ነገር ነው። የመዞሪያው ሰባትነት ስሕተትን ይቆጣጠራል። ሰውየው በክስተቱ ቢሳሳት እንኳ የዓመቱ ስም ያርመዋል።

በቦረናዎች ዘንድ ደግሞ ልደት በስም ውስጥ ይቀመጣል። ጉዮ በቀን ተወልዷል፣ ገልገሎ በምሽት፣ ዲራሞ ጎሕ ሲቀድ። ሮባ በዝናብ ወቅት ተወልዷል፤ ቦናያ በበጋ፤ ጎዳና በፍልሰት ላይ፤ ጅሎ በሥርዓት በዓል ጊዜ። በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው መታወቂያ የተወለድንበትን ሰዓትም ሆነ የዘመኑን ዝናብ አይናገርም። የእነዚህ ሰዎች ስም ግን ይናገራል።

በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ልጅ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ትነሣለች፤ የዕለቱ ቅዱስም በብዙ ቤት ይታወሳል። እናት «በሚካኤል ማግሥት ወለድሁህ» ትላለች። በሙስሊሞች ዘንድ ብዙ ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ያርዳል፣ ልጁም ስም ይወጣለታል። በሁለቱም እምነት ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ «ይህ ልጅ የእኛ ነው» የሚለው ልጁ አንድ ዓመት ከመሙላቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ሕፃን በሚሞትበት ዘመን ይህ ጥልቅ ትርጉም ነበረው፤ ለመቀበል ዓመት አይጠበቅም ነበር።

እነዚህ መንገዶች ለቤት፣ ለመንደርና ለማኅበር በቂ ነበሩ። ለመንግሥት መዝገብ ግን አልበቁም። በሕዝብ ቆጠራ ጊዜ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ በእጅጉ የሚበዙት ለዚህ ነው፤ ሰው ሲገምት ወደ 40፣ ወደ 45፣ ወደ 50 ያደላል።

ዕድሜን በሁለት መንገድ የቆጠረ ሕዝብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ዕድሜ ሁለት መልስ እንዳለው ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከእኛ ጋር ውኃና ግጦሽ የሚጋራው የቦረና ሕዝብ በዚህ ዕውቀት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል።

ይህ ሕዝብ የሚተዳደርበት የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በቦረና ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኩራ ጃርሶ ሥልጣናቸውን ለጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። አዲሱ 72ኛ አባ ገዳ ሆነው ይቆጠራሉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን 71 በ8 ብታባዙ 568 ዓመት ይሆናል፤ ቆጠራው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ይዘልቃል ማለት ነው። ይህ የጊዜ መዝገብ በቃል የተጠበቀ ነው። አያንቱ የተባሉት የጊዜ አዋቂዎች ደግሞ ጨረቃን ከላሚ፣ ከቡሳን፣ ከባሳና ከሌሎችም ከዋክብት ጋር እያስተያዩ ወሩን ይወስናሉ፤ 27 ቀናትንም በየስማቸው ይጠራሉ።

በገዳ አንድ ሰው የሚቆመው በአብዛኛው በየ8 ዓመቱ በሚለዋወጥ እርከን ላይ ነው። ሕፃኑ ዳባሌ ነው፤ ፀጉሩ አይቆረጥም፣ በታላቅ ርኅራኄም ይያዛል። ከዚያ ጋሜ ይሆናል። በየእርከኑ የሚለብሰው፣ የሚሠራውና የተከለከለው ይለያያል። ቆይቶ ራባ ይሆናል፤ ከዚያ ገዳን ይይዛል፣ ማለትም ሕዝቡን የሚመራው የእሱ ማኅበር ይሆናል። በመጨረሻ ገዳሞጂ ሆኖ ከክርክርና ከጠብ ርቆ ይመርቃል። ያልተወጣው ግዴታ ካለ የዓመቱ ቁጥር አይሸፍንለትም።

የዚህ ሥርዓት ዋና ሕግ አባትና ልጅን ይመለከታል። የልጅ ቦታ ከአባቱ ቦታ በ40 ዓመት ይርቃል፤ ይኸውም አምስት ጊዜ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ ልጁ በገዳ ውስጥ የሚቀመጠው በተወለደበት ዓመት ሳይሆን በአባቱ እርከን ነው። አባቱ አርጅቶ ከወለደው፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በሥርዓቱ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሰዎች እርከን ላይ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያሉትን ኢልማን ጃርሳ ይሏቸዋል፤ የሽማግሌ ልጆች ማለት ነው።

አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናታቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ደክመዋል፤ የትውልዱ አካሄድ ከተፈጥሮ ዕድሜ እንዴት እንደሚርቅ በኮምፒውተር ስሌት ሞክረው አሳይተዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቦረናዎች ራሳቸው ችግሩን አይተው መፍትሔ ማበጀታቸው ነው። ከገዳው ጎን ሀሪያ የሚባል ሌላ ማኅበር አቆሙ። ሀሪያ አባትን አይጠይቅም፤ በተቀራራቢ ጊዜ የተወለዱ እኩዮችን አንድ ላይ ያሰባስባል። በገዳ ቦታ ያላገኘ ወጣት ከእኩዮቹ ጋር በሀሪያ ተሰልፎ ይሠራል፣ ይጠብቃል፣ ይዘምታል።

ይህ ታላቅ ብልሃት ነው። አንዱ ቆጠራ «በትውልድ ሰንሰለት የት ነህ?» ይላል። ሌላው «አካልህና ጉልበትህ የማን እኩያ ነው?» ይላል። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ቁጥር ለመመለስ አልሞከሩም፤ ለየጥያቄው የየራሱን መልስ አዘጋጁለት።

ሥርዓቱ ግን ያልሸፈነው ነገር አለው። ሴቶች በራሳቸው በእርከን አያልፉም፤ ቦታቸው ከአባታቸው ወይም ከባላቸው ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ከገዳ የምንማረው ሐሳቡን ነው፤ ስንማር ደግሞ ሴት ልጆቻችንን ከወንዶቹ እኩል ይዘን መሆን አለበት።

ወረቀቱ የግድ ነው

ከአባቶች ጥበብ ስለተማርሁ ወረቀትን የምንቅ እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱ የግድ ነው፤ ለድንበር ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ የግድ ነው።

የሕፃናት መብት ስምምነት በ7ኛው አንቀጹ ልጅ እንደተወለደ ወዲያው ይመዝገብ ይላል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ በዓለም ወደ 150 ሚሊዮን የሚጠጉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አልተመዘገቡም። እያንዳንዳቸው ዕድሜ አላቸው፤ የሚመሰክርላቸው ሰነድ ግን የላቸውም።

የሰሜን ኬንያ ሰው ይህን በሥጋው ያውቀዋል። የድንበር አካባቢ ወጣት 18 ሞልቶት ኪታምቡሊሾ፣ ማለትም መታወቂያ፣ ሲጠይቅ ሌላው ኬንያዊ የማያየው ልዩ የማጣሪያ ኮሚቴ ፊት ይቆም ነበር። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ዋጂር ላይ ይህ ማጣሪያ እንዲቀር አውጀዋል። በሩ ሲከፈት ግን ወጣቱ ይዞት የሚገባው ማስረጃ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ማስረጃ ደግሞ ሲወለድ የተጻፈ ቀን ነው።

ቀን ሳይጻፍ ሲቀር ምን ይሆናል? ከአካባቢያችን ወደ ውጭ የሄዱ የብዙ ወገኖቻችንን ፓስፖርት ብታዩ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው። በአንድ ቤት አባት፣ እናትና ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ተወልደዋል ይላል ወረቀቱ። ሐኪም ዕድሜን ከአጥንት ሊገምት ይችላል፤ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። ይሁን እንጂ የአጥንት ምርመራ የአንድ ወጣትን ዕድሜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሊያስት ይችላል። ለ17 እና ለ18 ልዩነት ደግሞ ሁለት ዓመት ብዙ ነው። እናት ልጇ በተወለደበት ዕለት ከጻፈችው አንድ መስመር የሚበልጥ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም።

ቆጠራን መቀየር ክህደት አለመሆኑንም ከደቡብ ኮሪያ እንማር። እዚያ ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ይባል ነበር፤ በአዲስ ዓመት ደግሞ የሁሉም ሰው ዕድሜ አብሮ ይጨምራል። በዲሴምበር 31 የተወለደ ሕፃን በማግሥቱ ሁለት ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2023 ጀምሮ በሕግ ሥራዎች ዕድሜ ከልደት ቀን ተነሥቶ እንዲቆጠር ተደረገ፤ ለትምህርትና ለውትድርና ግን በዓመቱ ብቻ የሚቆጠረው ስሌት እንዳለ ቆይቷል። አንድ ሕዝብ ተቀምጦ ተወያይቶ «ለየትኛው ጉዳይ የትኛውን ቆጠራ እንጠቀም?» ብሎ ወሰነ። እኛም ተቀምጠን መወያየት እንችላለን።

ልደትን ማክበር ለምን?

እንግዲህ ወደ በዓሉ። በአካባቢያችን የልደት በዓል አዲስ አይደለም። ገና የጌታ ልደት ነው፤ መውሊድ የነቢዩ ልደት ነው፤ ግንቦት ልደታ የእመቤታችን ልደት ነው፣ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቃመስበት። በኢትዮጵያ በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት በመሆኑ የሕዝብ በዓል ነበር። ልደቱ የሚከበርለት ቅዱስ ወይም ንጉሥ ነበር። የእያንዳንዱ ልጅ ልደት በየዓመቱ በኬክና በሻማ መከበሩ ከከተማና ከትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነው።

አንዳንድ አባቶች «ይህ የውጭ ሰው ነገር ነው፤ ይቅር» ይላሉ። አልስማማም። የእረኛ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ፣ የሴት ልጅ ልደት እንደ ንጉሥ ልደት መከበሩ መልካም ነገር ነው። ልጅን «መወለድህ ደስ አሰኝቶናል» ማለት በምንም ባህል ነውር አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ዕድሜ ቁጥር ብቻ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ መልሴ ያቺ የ10 ዓመት ልጅ ናት። ለእሷ ቁጥሩ ቀለል ያለ ነገር አይደለም።

የሚያሳስበኝ የበዓሉ ይዘት ነው። ለልጁ ስጦታ እንሰጠዋለን፣ ፎቶ እናነሣዋለን፣ ነገር ግን ሥራ አንሰጠውም። ዓመቱ ሲጨምር መብቱና ኃላፊነቱ ምን እንደጨመረ የሚነግረው የለም። እናቱ በዚያ ቀን ከሞት ጋር ታግላ እንደወለደችው ብዙ ጊዜ አይነሣም። ለኬክ አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ደግሞ በጓደኛው ድግስ ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። በዓሉ ስለ ግዢ ከሆነ ድኻን ይጎዳል። ስለ ሰው መከበርና መታሰብ ከሆነ ግን በቡናና በዳቦ ይበቃል።

ምን እናድርግ?

ሐሳቤን በአምስት ነጥብ ላጠቃልል።

አንደኛ፣ ልጅ በተወለደበት ዕለት ቀኑ ይጻፍ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰዓትና ቦታ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ ከዓመቱ አጠገብም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት አይቅር። በክትባት ካርዱም፣ በቤት ባለው ቅዱስ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥም ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ጎረቤቱን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ልደቱ በጊዜው ይመዝገብ። የኢትዮጵያ ሕግ 90 ቀን ይሰጣል፤ በኬንያ ከስድስት ወር በኋላ የዘገየ ምዝገባ ይሆናል። ቤተሰቡ ለክርስትና ወይም ለዐቂቃ ሲሰበሰብ «ተመዝግቧል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የክርስትና አባትና እናት፣ ኢማሞችና ሽማግሌዎች ያንሡት።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ወገን ያላችሁ ጸሐፊዎች፣ ቺፎችና የቀበሌ ሠራተኞች፣ ዓመት ከመጻፋችሁ በፊት «በየትኛው አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ለማያውቅ አረጋዊ ቸኩላችሁ ጃንዋሪ 1 አትጻፉ። የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኞች የአካባቢውን ዋና ዋና ክስተቶች ከነዓመታቸው ዘርዝረው እንደሚጠቀሙ ሁሉ፣ ለሞያሌም የገዳዎቹ ስም፣ የገብራ ዓመታት፣ ድርቆቹና ጦርነቶቹ ከሁለቱ አቆጣጠሮች ጋር ጎን ለጎን የተቀመጡበት አንድ ሰንጠረዥ ይዘጋጅ። ይህን ሰንጠረዥ ሊሠሩ የሚችሉ አያንቱዎችና ሽማግሌዎች አሁን በሕይወት አሉ። ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

አራተኛ፣ በየዓመቱ ትንሽ እናክብር፤ በ8፣ በ16፣ በ24 ዓመት ግን ከፍ አድርገን እናክብር። በ8 ዓመት ልጁ ወይም ልጅቱ የቤተሰቡን ታሪክና የዘር ሐረግ ይማሩ። በ16 ዓመት መታወቂያ ሊወስዱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ሰነዶቻቸው ይመርመሩ፣ በማኅበረሰቡም ውስጥ አንድ ቋሚ ሥራ ይሰጣቸው። በ24 ዓመት ለታናናሾቻቸው ኃላፊ ይሁኑ። ይህ ለሴትም ለወንድም እኩል ይሁን። በእያንዳንዱ በዓል ቅድሚያ የሚመሰገነው የወለደችው እናት ትሁን።

አምስተኛ፣ የልደት ቀናቸውን የማያውቁ ወላጆቻችንን አንርሳ። የውሸት ቀን አንፍጠርላቸው። ቤተሰቡ አንድ ቀን መርጦ፣ የተመረጠ መሆኑን እያወቀ፣ ያክብርላቸው። በዚያ ቀን የተወለዱበትን ዘመን ይናገሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ይጻፉ። በዚህ መንገድ በቃል የነበረው የከተማችን ታሪክ በወረቀት ይገባል።

ወጣቶች፣ ለእናንተ ልዩ አደራ አለኝ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ «መቼ ተወለድሽ?» እና «በእኔ ዕድሜ ሳለሽ ምን ይጠበቅብሽ ነበር?» የመጀመሪያውን መልስ ከነአቆጣጠሩ ጻፉት። ሁለተኛውን ደግሞ በሚቀጥለው ልደታችሁ ላይ ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት፤ ከዚያም በዚያ ዓመት የምትሸከሙትን አንድ ኃላፊነት በቤተሰባችሁ ፊት ተናገሩ።

 ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣችሁ።